አሮጌ የፒኤስ 2 ጆይስቲክን ከላፕቶፕ ጋር ማግባባት

ታላቅ ወንድሜ ኮተቤ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፒኤስ 2፣ ስምንት ጆይስቲክ። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የኔ ሥራ ሒሳብ መቀበልና በንዴት ጆይስቲክ የሚወረውረውን መገላመጥ ነበር። እንዳይጠፉ ወንድሜ በጥፍር ቀለም ጀርባቸው ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጽፎባቸዋል።

ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። ወንድሜ ዱባይ ገባ፣ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። ጆይስቲኮቹን ግን የሚጠይቅ ጠፋ። በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው አልጋ ሥር ገቡ።

ባለፈው ክረምት ላፕቶፔ ላይ በኪቦርድ ኳስ ስጫወት የእህቴ ልጅ አይቶ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ በዚህማ መረብ አይነካም!» ያን ቀን ከረጢቱን ጎትቼ አወጣሁት። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት ከሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። እኔ ከቻልኩት እናንተም ትችላላችሁ። አንድ ጆይስቲክ ግን ገድያለሁ። እንዳትደግሙት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን እውነቱን ልናገር። መጫወት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ የፒኤስ 2 ጆይስቲክ በአንድ በኩል የሚሰካበት፣ በሌላው ዩኤስቢ ያለው ዝግጁ ማገናኛ ይሸጣል። ርካሽ ነው። እኔ ሁለት ገዝቻለሁ። አንዱ በደንብ ይሠራል። ሌላው ግራ አናሎጉን (በአውራ ጣት የሚገፋውን ዱላ) ጨርሶ አያውቀውም ነበር። ዕድል ነው። በገዛ እጅ መሥራት ለሚያምረው ግን ከዚህ በታች ያለው ይጠቅመዋል።

ችግሩ ምንድን ነው?

ፒኤስ 2 ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ነው። ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ጆይስቲኩ በየቤቱ ጥግ የቀረው ለዚህ ነው። ዕቃው ጠንካራ ነው። ኮምፒውተር የማይቀበለው ስለተበላሸ ሳይሆን የሚናገረው ቋንቋ ዩኤስቢ ስላልሆነ ነው።

ንግግሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ አቴንሽን በሚባለው ሽቦ «ስማኝ» ይላል። ይህን የሚለው በሽቦው ላይ ያለውን ቮልቴጅ ወደ ዜሮ በማውረድ ነው። ከዚያ ክሎክ በሚባለው ሽቦ እየመታ፣ በየምቱ በኮማንድ ሽቦ አንድ ቢት (0 ወይም 1) ይልካል፣ በዳታ ሽቦ አንድ ቢት ይቀበላል። ጆይስቲኩ መጀመሪያ ማንነቱን ይናገራል። ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር ነው። 41 ካለ አናሎጎቹ ጠፍተዋል። 73 ካለ በርተዋል። ቀጥሎ በሁለት ባይት (አንዱ ባይት 8 ቢት ነው) የ16ቱን ቁልፎች ሁኔታ ይልካል። የተጫነ ቁልፍ 0፣ ያልተጫነ 1 ነው። መጀመሪያ ሳየው ተገልብጦብኝ ምንም ሳልነካ ሁሉም ቁልፍ የተጫነ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ አራት ባይት ይመጣል፤ ሁለቱ የቀኝ አናሎግ፣ ሁለቱ የግራ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ነው። መሐል ላይ ሲያርፍ 128 አካባቢ ይሆናል።

ስለዚህ የሚያስፈልገን አስተርጓሚ ነው። በአንድ በኩል ይህን ቋንቋ የሚሰማ፣ በሌላው ለኮምፒውተሩ በዩኤስቢ የሚናገር።

ምን ይገዛል?

አስተርጓሚው አርዱዊኖ ፕሮ ማይክሮ የምትባል ካርድ ናት። ከአውራ ጣት እምብዛም አትበልጥም። ላይዋ ላይ ያለው 32ዩ4 የሚባል ቺፕ ራሱን ለኮምፒውተር እንደ ጆይስቲክ ማስተዋወቅ ይችላል። ብዙ ተማሪ እጁ ላይ ያለው አርዱዊኖ ኡኖ ግን ለዚህ አይመችም። ዋናው ቺፑ በቀጥታ ዩኤስቢ አያውቅም።

ፕሮ ማይክሮ ሁለት ዓይነት ናት፦ ባለ 5 ቮልትና ባለ 3.3 ቮልት። የኛ ጆይስቲክ በ3.3 ነው የሚሠራው። ባለ 3.3ቷን ግዙ። ሻጩ «ያው ናቸው» ካላችሁ አትመኑት። ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ቪሲሲ (የኃይል መስመር) ከሚለው ፒን እስከ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) በመልቲሜትር ለኩ። 3.3 ካሳየ ልክ ነው፣ 5 ካሳየ ሌላዋ ናት። ባለ 5 ቮልቷ ብቻ ካለቻችሁ በመሐል ባለ 4 መስመር የቮልቴጅ አቻቻይ ካርድ ማስገባት፣ ለጆይስቲኩም 3.3 ቮልት ከሌላ ማምጣት ግድ ይላል። ያለዚህ በቀጥታ ያገናኙና የሠራላቸው ሰዎች አሉ። ወንድሜ በጥፍር ቀለም ቁጥር የጻፈበትን ዕቃ ግን በ5 ቮልት አልሞክርም።

ከዚህ ሌላ፦ መበየጃ ካውያና ቀጭን ሊድ፣ መልቲሜትር፣ ባለ መስቀል ትንሽ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ አንድ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ መስመር ያለው)፣ የፋርማሲ አልኮል፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ። ለፕሮ ማይክሮ የሚሆን የስልክ ኬብልም ያስፈልጋል። ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን። አንዳንዱ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ምሽት ካርዷን ስረግም አምሽቻለሁ።

መክፈትና ማጽዳት

ጀርባው ላይ ሰባት ብሎን አለ። ሰባቱንም ፍቱ። ቁልፎቹ ተመልሰው እንዳይበተኑ ጆይስቲኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ የጀርባ ሽፋኑን አንሱ። የኛዎቹ ሲከፈቱ የወጣውን ቆሻሻ አልገልጽላችሁም። የስምንት ዓመት የቆሎና የላብ ክምችት ነው። የላስቲክ ቁልፎቹን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ካርዱንና ቀጭኑን የፕላስቲክ ሽፋን ግን በአልኮል በራሰ ጥጥ ብቻ። ጓደኛዬ «ካቲካላስ?» ብሎኛል። ለካቲካላ ሌላ ሥራ አለው።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ሕመም አለ። የዱዋልሾክ 2 (የፒኤስ 2 ጆይስቲክ የፋብሪካ ስሙ ነው) ቁልፎች ከካርዱ ጋር የሚገናኙት ሽቦ በታተመበት ስስ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን ካርዱ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ትንሽ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ከዓመታት በኋላ ይሟሽሻል። ያኔ ቁልፉ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይተዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከስፖንጁ ሥር ናስትሮ በልኩ ቆርጣችሁ ደርቡ። ለኔ ሦስት ድርብ በቃው። አታብዙት፤ ሽፋኑ አልገጥም ይላል።

ሁለቱን የንዝረት ሞተሮችም አውጡ። ሞተሮቹ ከሌላው የተለየ ከ7 ቮልት በላይ ይፈልጋሉ፤ ዩኤስቢ ደግሞ 5 ነው ያለው። ንዝረቱ ይቅርብን። በለውጡ የግራ እጀታው ባዶ ይሆናል። ትልቁ ሞተር የነበረበት ቦታ ለፕሮ ማይክሮ በልክ የተሰፋ ያህል ነው።

ሽቦዎቹን መለየት

ጆይስቲኬን የገደልኩት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

የጆይስቲኩ መሰኪያ 9 ፒን አለው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ። መሰኪያውን ፊት ለፊት እዩት። የተጠጋጉት ማዕዘኖች ወደ ታች ይሁኑ። ከግራ ስትጀምሩ እንዲህ ነው፤ ቀለሞቹ የሶኒ ኦሪጅናል ላይ ያሉት ናቸው፦

1 ዳታ፣ ቡኒ
2 ኮማንድ፣ ብርቱካናማ
3 የሞተር ኃይል፣ ግራጫ
4 ግራውንድ፣ ጥቁር
5 3.3 ቮልት፣ ቀይ
6 አቴንሽን፣ ቢጫ
7 ክሎክ፣ ሰማያዊ
8 ምንም የማይሠራ፣ ነጭ ወይም ጭራሹን የሌለ
9 አክኖሌጅ፣ አረንጓዴ

ይህን ዝርዝር ስልኬ ላይ ይዤ፣ ጀርባው ላይ 6 ቁጥር የተጻፈበትን ጆይስቲክ ኬብል ቆረጥኩት። መሰኪያውን ወረወርኩት። ጥቁሩን ከግራውንድ፣ ቀዩን ከ3.3 አገናኘሁ። ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ዝም። ጣቴን ቺፑ ላይ ሳደርግ አቃጠለኝ። 6 ቁጥር ለካ ፎርጅድ ነበር። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ኦሪጅናል ያስመስለዋል እንጂ ውስጡ ሽቦዎቹ እንደ ፋብሪካው ስሜት ነው የተቀጠሉት። ጥቁሩ ግራውንድ አልነበረም።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ሽቦ ቀለሙን ሳይሆን የት እንደሚደርስ ነው የሚጠየቀው» አሉኝ። ቀጥለው መሰኪያውን እንዳመጣላቸው ጠየቁ። ጥያለሁ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ፦ ኬብሉን ከውስጥ በኩል አንድ 10 ሳንቲሜትር ትታችሁ ቁረጡ። የተቆረጠውን መሰኪያ ያለበትን ክፍል አትጣሉ። ጫፎቹን ልጡ። መልቲሜትሩን ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ መሰኪያው ፒን ላይ፣ ሌላውን በየሽቦው አስነኩ። ሲጮህ ጻፉት። «ፒን 1፣ ቡኒ» እያላችሁ ዘጠኙንም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከስምንቱ ጆይስቲክ ሦስቱ ቀለማቸው ከላይ ከጻፍኩት የተለየ ነው።

ብየዳው

ከዘጠኙ የምንፈልገው ስድስት ብቻ ነው። ዳታ ወደ ፕሮ ማይክሮ ፒን 14። ኮማንድ ወደ 16። ክሎክ ወደ 15። አቴንሽን ወደ 10። ግራውንድ ወደ ግራውንድ። 3.3 ቮልቱ ወደ ቪሲሲ። አጠገቡ ያለውን ሮው የሚለውን ፒን እንዳትነኩ፤ እሱ ላይ ያለው የዩኤስቢው 5 ቮልት ነው። ግራጫው፣ ነጩና አረንጓዴው ጫፋቸው ለየብቻ በናስትሮ ይጠቅለል።

ሬዚስተሩ ከዳታ ወደ ቪሲሲ ይበየዳል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጆይስቲኩ የዳታ ሽቦውን ወደ ዜሮ መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። ወደ ላይ የሚመልሰው ሬዚስተሩ ነው። ከረሳችሁት ቁልፎቹ ጂን እንደያዛቸው በራሳቸው ይጫናሉ።

ስበይድ መሐል ላይ መብራት ሄደ። ካውያው ከሽቦው ጋር እንደተጣበቀ ቀዘቀዘ። እንዲህ ቢገጥማችሁ አትጎትቱ። የካርዱ መዳብ አብሮ ይነሳል። ትታችሁ ቡና ጠጡ፣ መብራቱ ሲመጣ ራሱ ይለቃል። እኔ ሁለት ስኒ ጠጣሁ።

ሲያልቅ ገና ሳትሰኩ ቪሲሲና ግራውንድን በመልቲሜትሩ ፈትሹ። ከጮኸ የሆነ ቦታ ሊድ ፈሶ አገናኝቷቸዋል። ሳታገኙት እንዳትሰኩ።

ፕሮግራሙ

የአርዱዊኖ ፕሮግራም መጻፊያውን ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑ፤ ነፃ ነው። ሁለት ዝግጁ ላይብረሪ (ተጽፎ ያለቀ የፕሮግራም ክፍል) ያስፈልጋል። አንዱ ፒኤስኤክስ ኒው ሊብ ነው፤ ከጆይስቲኩ ጋር የሚያወራው እሱ ነው። ሌላው ጆይስቲክ ላይብረሪ ይባላል፤ ለኮምፒውተሩ የሚያወራው እሱ ነው። የናንተ ድርሻ ሁለቱን ማገናኘት ነው፦ አንብብ፣ ቁልፎቹን አስተላልፍ፣ አራቱን የአናሎግ ቁጥሮች አስተላልፍ፣ ላክ፣ ድገም። አቅጣጫ የሚያሳዩትን አራቱን ቁልፎች እንደ ሃት (ኮምፒውተር የሚያውቀው የአቅጣጫ መቆጣጠሪያ) ብታስተላልፏቸው ብዙ ጌም በቀላሉ ያውቃቸዋል። መጀመሪያ ግን ያ የማንነት ቁጥር በሄክሳዴሲማል ስክሪን ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። 41 ካያችሁ ሽቦው ልክ ነው፤ ጆይስቲኩ ላይ አናሎግ የሚለውን ተጫኑ፣ ቀይ መብራቱ ይበራል፣ 73 ይሆናል። FF (ማለትም 255) ብቻ ከደጋገመ ጆይስቲኩ እየመለሰ አይደለም። ወደ ብየዳው ተመለሱ።

ካርዷን ስትመርጡ ባለ 3.3 ቮልት 8 ሜጋኸርትዝ የሚለውን ምረጡ። ባለ 5 ቮልት 16 ሜጋኸርትዝ መርጣችሁ ከጫናችሁ ካርዷ ከላፕቶፑ ላይ ትጠፋለች። አልሞተችም። የተሳሳተ ፍጥነት ስለተነገራት ዩኤስቢው ተዘበራርቆባት ነው። አርኤስቲ የሚለውን ፒን ከግራውንድ ጋር በቁራጭ ሽቦ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ አነካኩ። ለ8 ሰከንድ ያህል ትነቃለች። በዚያች ቅጽበት ትክክለኛውን ጫኑ። እኔ በአራተኛው ሙከራ ደረስኩባት።

ያረጀ አናሎግ ደግሞ መሐል ላይ 128 አያርፍም። የኔ ግራው 119 ላይ ነው የሚተኛው። ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ሳልነካው ወደ ግራ እየተንፏቀቀ ከሜዳ ይወጣል። ፕሮግራሙ ውስጥ ከ128 ከ15 በላይ ያልራቀውን ሁሉ እንደ መሐል ቁጠረው ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ በላይ ካሰፋችሁት ግን ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ ይጠፋል።

መግጠምና መሞከር

ካርዷን በናስትሮ ጠቅልላችሁ ግራ እጀታው ውስጥ አስቀምጡ። የፕሮ ማይክሮ ደካማ ጎን የዩኤስቢ ቀዳዳዋ ነው። ኬብሉ ትንሽ ከተሳበ ከካርዱ ተገንጥሎ ይነሳል። ስለዚህ ኬብሉን ከሰካችሁ በኋላ በትኩስ ሙጫ አጽኑት፤ በድሮው ኬብል ቀዳዳ ሲወጣም ውስጥ በኩል ቋጥሩት። ልጆች ይጎትቱታል። ትልልቅ ሰዎችም ሲሸነፉ ይጎትቱታል።

ዊንዶውስ ላይ መፈለጊያው ውስጥ የዩኤስቢ ጌም መቆጣጠሪያዎችን ማስተካከያ ፈልጉ። የእያንዳንዱ ቁልፍ መብራት ሲጫን ይበራል። ሊኑክስ ላይም ተመሳሳይ መሞከሪያ አለ።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። አዳዲስ ጌሞች ብዙዎቹ የሚያውቁት የኤክስቦክስን ዓይነት ጆይስቲክ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ቁልፉ እየበራ ጌሙ ውስጥ ምንም ላይንቀሳቀስ ይችላል። ብየዳችሁን አትጠራጠሩ። ስቲም (የጌም መሸጫና ማስጀመሪያ ፕሮግራም) ላይ ያለ ጌም ከሆነ የስቲም የራሱ የኮንትሮለር ማስተካከያ ያስተረጉምላችኋል። የድሮዎቹ የኳስ ጌሞች ግን የራሳቸው ማስተካከያ ስላላቸው ቁልፍ በቁልፍ ታስለምዷቸዋላችሁ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ከእህቴ ልጅ ጋር ፔስ 6 በሚባለው የኳስ ጌም ተጫወትን። እሱ የተገዛውን ማገናኛ ይዞ፣ እኔ የሠራሁትን። 3 ለ1 አሸነፈኝ። ማታ ወንድሜ ከዱባይ በቪዲዮ ደወለ። ጆይስቲኩን ካሜራው ፊት አገላብጬ አሳየሁት። የጥፍር ቀለሙን ቁጥር ሲያይ ሳቁ መጣ።

«3 ቁጥር! አር 1 ቁልፉ አሁንም ይተዋል?»

ሦስት ድርብ ናስትሮ ሥሩ አለ አልኩት።